የአያት የብር መስቀል፦ ምንነቱን፣ ዕድሜውንና ዋጋውን በየትኛው መንገድ ማወቅ ይሻላል?

ከአሮጌ ሣጥን አንድ የአንገት መስቀል ወጥቶ ማን እንዳሠራው የሚያስታውስ ሲጠፋ ሦስት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይነሳሉ። ከምን ተሠራ? መቼና የት ተሠራ? ስንት ያወጣል? ባለቤቱን የሚያከስረው ሦስቱንም አንድ ሰው ይመልስልኛል ብሎ ማመኑ ነው። ወርቅ ቤት ያለ አንጥረኛ የመጀመሪያውን በደቂቃ ይመልሳል፤ ለሦስተኛው የሚሰጠው መልስ ግን ቀልጦ የሚያወጣው ዋጋ ነው። የሙዚየም ባለሙያ ሁለተኛውን ሊነግርዎ ይችላል፤ ዋጋ ግን አይተምንም። ጨረታ ቤት ዋጋ ይነግርዎታል፤ ለመሸጥ ያላሰቡትን ዕቃ ግን ረጅም ጊዜ ሰጥቶ አያጠናም።

ስለዚህ ዕቃውን ይዞ ከመዞር በፊት በቤት ውስጥ ሊታወቅ የሚችለውን ማወቅና ለቀረው ጥያቄ ተገቢውን ሰው መምረጥ ያዋጣል።

አይወልውሉት

ሎሚና አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ ፈሳሽ፣ ሁሉም ይቅሩ። ጥቁሩ ነገር ብሩ በአየር ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ የሠራው ሽፋን ነው፤ በተቀረጸው መስመር ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ማየት ዕድሜን ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ነው። አመድና የጥርስ ሳሙና ይፍቃሉ፤ ሎሚ ደግሞ ከላይኛው ገጽ መዳቡን እየበላ ብሩን ከእውነተኛ ጥራቱ በላይ ያስመስለዋል። ጭቃ ወይም ቅባት ካለበት የተጣራ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የታሰረበት አሮጌ ማተብ ወይም ክር ካለም አይጣል፤ ለመመዘን ሲፈቱት በፖስታ ውስጥ ከነመስቀሉ ያኑሩት።

ከዚያ ፎቶ ያንሱ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ማንጠልጠያውን ከቅርብ፣ ሁሉንም ከማስመሪያ ጋር። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከፊት የበራ ፍላሽ የመዶሻና የሞረድ ምልክቶችን ያጠፋል፤ ምልክቱ በማይታይበት ፎቶ ደግሞ ማንም ባለሙያ አስተያየት ሊሰጥ አይችልም።

ከምን ተሠራ?

አሮጌ በሚባሉ የኢትዮጵያ የአንገት መስቀሎች ላይ በብዛት የሚያጋጥሙት አራት ነገሮች ናቸው፦ የጠገራ ብር፣ ዘመናዊው 925 ብር (ከ1000 እጁ 925ቱ ንጥር ብር የሆነ)፣ ኒኬል የሚባለው ነጭ ቅይጥ፣ እና ብር የተቀባ ናስ ወይም መዳብ።

ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም፣ ለረጅም ዘመን የአገራችን አንጥረኞች ዋና ጥሬ ዕቃ ነበር። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ጥራቱ 833 በ1000፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከዚህ ቁጥር ብዙ ይገኛል። ከአንድ ሳንቲም ሳይቀጠቀጥ በቀጥታ የተቆረጠ መስቀል ከ40 ሚሊሜትር ሊበልጥ፣ ከ28 ግራም ሊከብድ አይችልም። አንዳንዴ በጀርባው የንግሥቲቱ ፀጉር ወይም የንስሩ ክንፍ ጥላ ይታያል። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሳንቲሙ ላይ ያለው «1780» ግን የመስቀሉ ዕድሜ አይደለም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከሞተች በኋላ ቀኑ ሳይለወጥ ሳንቲሙ በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያን እንኳ ለኢትዮጵያ ወረራው ሮም ውስጥ መትታዋለች። የምኒልክ ብርም ጥራቱ 835 ስለሆነ ከቀለጠ በኋላ ከጠገራው ለመለየት አይቻልም።

ኒኬል ብዙ ሰው ያታልላል፤ ነጭ ነው፣ ይጠቁራል፣ ይወለወላል፣ በእጅም ይከብዳል። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ቢሆንም ቅንጣት ብር የለበትም። ማግኔት አይለየውም፤ ብርም ኒኬልም አብዛኛውን ጊዜ በማግኔት አይሳቡም። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ሁሉ የተሻለው ዕፍጋትን (ለመጠኑ ያለውን ክብደት) መለካት ነው። የሚያስፈልገው 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ ቀላል የፕላስቲክ ኩባያና ቀጭን ክር ነው። መስቀሉን በደረቁ ይመዝኑት። ውሃ ያለበትን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። መስቀሉን በክሩ አንጠልጥለው፣ ታቹንም ጎኑንም ሳያስነኩ፣ ሙሉ በሙሉ ያስምጡት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም መስቀሉ የገፋው ውሃ ነው፤ የመጀመሪያውን ክብደት በዚህ ያካፍሉት።

ለምሳሌ 21.40 ግራም የሚመዝን መስቀል 2.10 ግራም ካሳየ ውጤቱ 10.19 ነው፤ የጠገራ ብር ቅይጥም 10.2 አካባቢ ነው። ያው ክብደት 2.47 ካሳየ ውጤቱ 8.66 ይሆናል፤ ይህ ኒኬል ወይም ናስ ነው። 925 ብር ወደ 10.4 ይጠጋል።

የሚሳሳትበት ምክንያት በአብዛኛው አንድ ነው፦ በተፈለፈሉት ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ። አረፋ ብሩን ቀላል ያስመስለዋል፤ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ላይ ጨምሮ መስቀሉን ነቅነቅ ማድረግ ያስለቅቀዋል። ሁለተኛው ስህተት ሚዛኑ ነው። 0.1 ግራም ብቻ የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ከላይ ያለውን 2.10 ወደ 2.0 ወይም 2.2 ሊያዞረው ይችላል፤ ውጤቱም ከ9.7 እስከ 10.7 ይዋዥቃል፤ ጠገራውን ከ925 መለየት ቀርቶ ማመንም ያስቸግራል። ትንንሾቹ የጌጥ ሚዛኖች በበኩላቸው ብዙዎቹ ከ200 ግራም በላይ አይሸከሙም፤ ብርጭቆ ሳይሆን ፕላስቲክ ኩባያ ያልነው ለዚህ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ፈርጥ ያለበት ወይም በእርሳስ የተጠገነ መስቀል ላይ ይህ መንገድ አይሠራም።

ኒኬልና ናስ በዕፍጋት አይለዩም። እነሱን ዓይን ይለያቸዋል፤ ማንጠልጠያው የተበላበት ቦታ ቢጫ ወይም ቀይ ከታየ የተቀባ ናስ ወይም መዳብ ነው፣ እስከ ውስጥ ነጭ ከሆነ ኒኬል።

የአሲድ ፍተሻ ወርቅ ቤት ይደረጋል። መስቀሉ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ይሰመርና አሲድ ይንጠባጠብበታል፤ ደማቅ ቀይ ከፍተኛ ጥራት፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ዝቅተኛ ጥራት ያሳያል። ፈጣንና ርካሽ ነው። ጉዳቱ ግን ሁለት ነው፦ አንዳንድ አንጥረኛ ድንጋዩን ትቶ ጠብታውን በቀጥታ መስቀሉ ላይ ያሳርፋል፣ ጠባሳውም አይለቅም፤ የተቀባ ዕቃ ደግሞ በጥልቀት ካልተሰመረ ብር ነኝ ብሎ ያልፋል። ፈሳሹን ገዝቶ በቤት መሞከር አይመከርም፤ መርዛማ ክሮሚየም አለበት።

በኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያ (በውጭ አገር ብዙ የወርቅ ገዢዎች አላቸው) ምንም ሳይጎዳ የቅይጡን መቶኛ ይዘረዝራል። በኒኬልና በብር መካከል ክርክር ካለ ይህ ይዘጋዋል። የሚያየው ግን የላይኛውን ስስ ገጽ ብቻ ነው። በእሳት ተደጋግሞ የተሠራና በአሲድ የጸዳ ብር ከገጹ መዳቡን ያጣል፤ ስለዚህ 833 የሆነው መስቀል 900 ሊነበብ ይችላል። በተበላ ጠርዝ ላይ ደግሞ ማስለካት ትክክለኛውን ያወጣል። በብየዳው ላይ ካድሚየም ከተገኘ ብየዳው የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ሥራ ነው፤ መስቀሉ ሁሉ ሳይሆን ጥገናው ብቻ ሊሆን እንደሚችል ግን አይርሱ።

ዕድሜው

የብር ዕድሜ በካርቦን ምርመራ አይቆጠርም። ቅይጡ የሚነግረው «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ውሸት ያጋልጣል። ኒኬል የሚባለው ቅይጥ በአውሮፓ በፋብሪካ መሠራት የጀመረው በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በኤሌክትሪክ ብር መቀባት በ1840ዎቹ። «የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን» የተባለ የኒኬል መስቀል ካጋጠመዎ ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም። አሉሚኒየም ከሆነማ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚናገረው አሠራሩና በመለበስ የተበላበት ሁኔታ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ።

በእጅ የተቀጠቀጠና የተቆረጠ መስቀል ጎኑ ላይ የሞረድ ጭረት አለው፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ትክክል አይሆኑም፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሰም ቅርጽ የፈሰሰ መስቀል ማዕዘኖቹ ለስለስ ይላሉ፣ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችም ይታዩበታል። ሁለቱም አሮጌ መንገዶች ናቸው፣ ዛሬም ይሠራባቸዋል። አዲስ ብዜትን የሚያሳብቀው ሌላ ነገር ነው፦ በጎኑ ዙሪያ የሚሄድ ቀጭን የሻጋታ (የማፍሰሻ ቅርጽ) መስመር፣ ወይም «የተበላ» ጌጥ ከጎድጓዳው ጭምር የደበዘዘ ሆኖ መገኘት። አሮጌ መስቀል በልብስና በጣት ሲታሽ የሚበላው ጉብ ያለው ክፍል ነው፤ የመስመሩ ጥልቅ ክፍል ስል ሆኖ ይቀራል። ከአሮጌ መስቀል ሻጋታ ወስዶ የተፈሰሰ ግን ጉብታውም ጎድጓዳውም እኩል ይደበዝዛል፤ መጠኑም ከዋናው ትንሽ ያንሳል፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና።

ከሁሉ በላይ ማንጠልጠያውን ይመልከቱ። ብዙ የአንገት መስቀሎች በማጠፊያ የሚንቀሳቀስ ማንጠልጠያ አላቸው። ለአሥርት ዓመታት የተለበሰ ከሆነ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት ከላይ በኩል ይሳሳል፤ የማጠፊያው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ ይሞላልላል፤ ጀርባው ከፊቱ ይልቅ ይለሰልሳል። ማስረጀት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፣ በሞረድ ይፍቃል፣ አፈር ውስጥ ይቀብራል፤ የቀዳዳውን ውስጥ ለማሞላለል ግን የሚደክም ጥቂት ነው። ፊቱ «ሦስት መቶ ዓመት» የሚል፣ ማጠፊያው ግን ትናንት የተበሳ መስቀል በቸርችል ጎዳና መደርደሪያዎች ላይ ብርቅ አይደለም።

ጽሑፍ ካለበት የፊደሉ መስመር ከአሮጌው ጭረት በላይ ነው ወይስ በታች? ፊደሉ ጭረቱን ቆርጦ የሚያልፍና ውስጡ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በኋላ የተጨመረ ነው። ጭረቱ በፊደሉ ላይ ካለፈ ፊደሉ ይቀድማል። 925 ወይም 800 የሚል ማኅተም ዘመናዊ ወይም ከውጭ የገባ ሥራ መሆኑን ይጠቁማል፤ ማኅተም አለመኖሩ ግን ጥርጣሬ አያስነሳም፣ የቀድሞ አንጥረኞቻችን በአብዛኛው ማኅተም አይመቱም ነበርና።

«የላሊበላ ነው፣ የጎንደር ነው»

እዚህ ላይ ቆራጥ መሆን ይሻላል። በፖስተር ላይ ተደርድረው «የአክሱም»፣ «የላሊበላ»፣ «የጎንደር»፣ «የሸዋ» የሚባሉት ስሞች የቅርጽ ስሞች ናቸው፤ የሥራ ቦታ ማስረጃ አይሆኑም። አዲስ አበባ የተቀመጠ አንጥረኛ አራቱንም በአንድ ቀን ይሠራል። ትውልድ ቦታን ከቅርጽ ይልቅ የቤተሰብ ታሪክ ያስረዳል፦ ማን ለበሰው፣ የት ተዳሩ፣ የትኛው ደብር ነበሩ። መስቀሉን ለብሰው የተነሱት አሮጌ ፎቶ ከተገኘ ከማንኛውም ባለሙያ ደብዳቤ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በዕድሜ የገፉ ዘመዶች ጋር ይደውሉ፤ የሚነግሩዎትን ከነስሙና ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ።

ወደ ማን ልሂድ?

ጥያቄዎ «ብር ነው?» ብቻ ከሆነ ወርቅ ቤት ይበቃል፤ አዲስ አበባ ከሆኑ ከአንድ በላይ ጠይቀው፣ ለመሸጥ እንዳልመጡ ቀድመው ተናግረው፣ ዕቃው ከዓይንዎ ሳይርቅ። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ከሆኑ ኤክስሬይ መሣሪያ ያለው ገዢ ይሻላል፤ ውጤቱንም በወረቀት ይጠይቁ።

ጥያቄዎ ዕድሜና አሠራር ከሆነ መጀመሪያ ዓይንዎን ያሠልጥኑ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመስቀል ስብስብ አለው። ግማሽ ቀን እዚያ ማሳለፍ ገበያ ላይ ወር ከመዞር የተሻለ ያስተምራል። ለባለሙያ ሲጽፉ ፎቶዎቹን፣ ክብደቱን፣ ልኩን፣ የዕፍጋቱን ውጤትና የቤተሰቡን ታሪክ በአንድ ገጽ ይላኩ፤ «ስንት ያወጣል» የሚለውን አይጨምሩ፣ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚያስቀረው እሱ ነው።

ጥያቄዎ ዋጋ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ትልልቅ ጨረታ ቤቶች ፎቶ አይተው ያለ ክፍያ ግምት ይሰጣሉ፤ ከተወሰነ ዋጋ በታች ያለውን ግን አይቀበሉም፣ ተራ የአንገት መስቀልን ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ። ያ መልስ ራሱ መረጃ ነው። ሁለተኛው መንገድ በክፍያ የሚሠራ ገማች ነው፤ ለኢንሹራንስ፣ ለውርስ ክፍፍል ወይም ለስጦታ ግብር ወረቀት ሲያስፈልግ ብቻ ያዋጣል። አሜሪካ ውስጥ ከ5,000 ዶላር በላይ የሚገመት ዕቃ ለሙዚየም ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው ከግብር ሊያስቀንሱ ከፈለጉ ብቁ የሆነ ገማች የጻፈው ግምት ግዴታ ነው። ከዋጋው በመቶኛ የሚያስከፍል፣ ወይም ገምቶ ሲጨርስ «ልግዛዎት» የሚል ገማች ካጋጠመዎ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

ዋጋው ከምን ይገነባል?

ወለሉ የብሩ ዋጋ ነው። የ21.40 ግራም የጠገራ ብር መስቀል ንጥር ብሩ 17.8 ግራም ያህል ነው (21.40 × 0.833)። ይህን በዕለቱ የብር የግራም ዋጋ ያባዙት፤ አቅላጭ ከዚህ ቀንሶ ይከፍላል። ከዚያም በታች የሚሰጥዎ ሰው ወይ አላወቀም ወይ በጣም አውቋል።

ከወለሉ በላይ የሚጨምረው የሥራው ጥራት፣ ያልተነካ ሁኔታው፣ ከሁሉም በላይ የተረጋገጠ ታሪኩ ነው። ዕድሜ ብቻውን የሚታሰበውን ያህል አይጨምርም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጠገራ ብር የተሠሩ የአንገት መስቀሎች በዓለም ገበያ ላይ በብዛት ስላሉ አብዛኞቹ ከወለሉ ብዙ አይርቁም። ይህ ቅር ያሰኛል፤ ግን ከወዲሁ ማወቁ ለ«ምርመራ» ተብሎ ከሚጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ዋጋ ሲያወዳድሩ በኢንተርኔት ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን የተሸጠበትን ብቻ ይመልከቱ። የኢንሹራንስ ግምትም ከመሸጫ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ዕቃው ቢጠፋ ከሱቅ ለመተካት የሚያስፈልገውን ነው የሚቆጥረው።

የእጅ መስቀልና የመጾር መስቀል ከሆነ

ነገሩ ይለወጣል። ረጅም እንጨት የሚገባበት ቱቦ ያለው፣ ከታች ጨርቅ የሚታሰርባቸው ክንዶች ያሉት የመጾር መስቀል የቤተሰብ ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ነው። በላዩ የደብር ስም ወይም «ዘ…» ብሎ የሚጀምር የስጦታ ጽሑፍ ካለ ከዋጋ ጥያቄ በፊት የባለቤትነት ጥያቄ ይመጣል። ከላሊበላ በ1989 ዓ.ም. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ድረስ ሄዶ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ እጅዎ ከገባ ወደ ጨረታ ቤት ሳይሆን ወደ ቤተ ክህነት ወይም ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይጻፉ። እንጨቱ ቢኖርና በካርቦን እንመርምረው የሚል ቢመጣ ሁለት ነገር ያስቡ፦ እንጨት ይቀየራል፤ ከ1650 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ላለው ጊዜ ደግሞ የካርቦን ውጤት በጣም ሰፊና አሻሚ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። አዲስ የቱሪስት መስቀል ይዘው ቢሄዱ እንኳ ቦሌ ላይ ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል የግዢ ደረሰኝ ይያዙ፤ አሮጌ ከሆነ አስቀድመው ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠይቁ። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚያስገቡ ከ200 ዓመት በላይ የሆነውና ከ18,000 ዩሮ የማያንስ ዋጋ ያለው የባህል ዕቃ የአስመጪ መግለጫ ያስፈልገዋል። ጨረታ ቤቶችም ዕቃው ከ1970 (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ ስምምነት በፊት ከአገር መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት አዘውትረው ይጠይቃሉ።

ውጭ አገር የኖረ የቤተሰብ መስቀል ይዘው ለበዓል አገር ቤት የሚገቡ ከሆነ ሲገቡ ጉምሩክ ላይ ከነፎቶው ያስመዝግቡት። ሲወጡ በሻንጣ ውስጥ የተገኘ አሮጌ መስቀል ከየት እንደመጣ ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት።